ለግራ የገባት፣ ከጅማ፦ ሲግናልን ይክፈቱ፤ ኮዱን ግን ለማንም አይስጡ

ደብዳቤው

«ጅማ መርካቶ ቡናና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ቤተሰባችን ተበታትኖ ነው የሚኖረው። እናታችን አጋሮ ናቸው፤ የያዙት የቆየ ሳምሰንግ ነው። ታናሽ እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ አይፎን ስለያዘ 'በፌስታይም ደውሉልኝ' ይላል። ልጄ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፤ ላፕቶፑ ላይ የጫነው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚባለውን ነው። ባለፈው ወር በወንድሜ ስም፣ ፎቶውም ሳይቀር፣ 'ችግር ገጥሞኛል፤ በዚህ ሂሳብ 15 ሺህ ብር አስገቢልኝ፤ ማታ እመልሳለሁ' የሚል መልእክት መጣልኝና ላክሁ። እሱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የየራሱን ይመክረኛል። ልጄ ሲግናል ይላል፤ ወንድሜ ዋትስአፕ፤ እህቴ ከቦቲም በቀር በምንም ልንደዋወል አንችልም ትላለች፤ የሱቅ ጎረቤቴ ደግሞ በኢሞ ትምላለች። በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር የሚሠራ፣ የምንጻጻፍበትና የምንደዋወልበት፣ ሌላ ሰው የማያየው አንድ መተግበሪያ ንገሩኝ። የኢንተርኔት ጥቅሌንም እንዳይጨርስብኝ።

ግራ የገባት፣ ከጅማ»

መልስ

ውድ እህቴ፣ አንድ ጥያቄ የጠየቁ ይመስልዎታል እንጂ የጠየቁት ሁለት ነው። አንደኛው የትኛው መተግበሪያ ምስጢር ይጠብቃል የሚል ነው። ሁለተኛው ገንዘብዎ በምን መንገድ ተወሰደ የሚል ነው። መልሳቸው ስለሚለያይ ለየብቻ እይዛቸዋለሁ፤ ከገንዘቡ ልጀምር።

የወንድምዎ አካውንት የተወሰደው በየትኛው መተግበሪያ እንደሆነ አልጻፉልኝም። ቢጽፉልኝም የምመክረው ያው ነበር፤ ይህ ስርቆት በሁሉም ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው በአንድ ዓይነት መንገድ ነውና። ሌባው መተግበሪያውን በራሱ ስልክ ይጭንና የወንድምዎን ስልክ ቁጥር ያስገባል። መተግበሪያው የማረጋገጫ ኮድ ወደ ወንድምዎ ስልክ ይልካል። ከዚያ ሌባው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በሰረቀው የአንድ ጓደኛ አካውንት፣ «በስሕተት አንድ ኮድ ወዳንተ ተልኮብኛል፤ እስቲ ንገረኝ» ይለዋል። ወይም «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፤ ድምፅ ስጥልኝ» ብሎ ሊንክ ይሰድለታል፤ ሊንኩ ሲከፈት ቁጥርና ኮድ ይጠይቃል። ወንድምዎን ይጠይቁት፤ ከሁለቱ አንዱን ያስታውሰው ይሆናል። ሲጠይቁት ግን አይቆጡት፤ የተማረውም ያልተማረውም ይወድቅበታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ምስጠራ የሚባለውን፣ መልእክትን የመቆለፍ ዘዴ፣ የነካው የለም። ሌባው መልእክት አልጠለፈም፤ ጥሪም አላደመጠም። እንደ ባለቤት በበሩ ገባ። ስለዚህ የዚያን ዕለት በዓለም ላይ ጥብቅ የተባለውን መተግበሪያ ይጠቀሙ ቢሆን ኖሮ እንኳ ብሩ መሄዱ አይቀርም ነበር።

ለተወሰደው ገንዘብ የሚከተለውን ያድርጉ። መልእክቱን አያጥፉት። ደረሰኙን፣ የተቀባዩን ስምና የሂሳብ ቁጥር ይዘው ገንዘቡን ወደላኩበት ባንክ ይሂዱ፤ ለፖሊስም ቃልዎን ይስጡ። ወር ማለፉ ተስፋውን ያመነምነዋል፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚያዘው ሌባው ከሂሳቡ ሳያወጣው ባንኩ ከሰማ ነው። ሆኖም ሂሳቡ በሰው ስም የተከፈተ ስለሆነ ማመልከቻው ከንቱ ድካም አይደለም።

አሁን ወደ ምርጫው እንሂድ። ልጅዎ ልክ ነው፤ ለቤተሰቡ ሲግናልን ይክፈቱ። ለምን እንደምል ላስረዳ፤ ምክንያቱን ካወቁት ነገ ሌላ አዲስ መተግበሪያ መጥቶ ጎረቤትዎ ሲምሉበት መመዘኛው በእጅዎ ይሆናል።

የሚፈልጉት ነገር ስሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ ይባላል። መልእክቱ እርስዎ ስልክ ላይ ይቆለፍና ተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ ይከፈታል። መሐል ላይ የሚያመላልሰው ኩባንያ ቁልፉ የለውም። ለእናትዎ ፖስታ አሽገው አጋሮ ለሚሄድ ሚኒባስ ሹፌር እንደሚሰጡት ነው። ሹፌሩ ያደርሳል እንጂ አያነብም። ነገር ግን ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደላከ ያውቃል። ይህን ሁለተኛውን ነገር ልብ ይበሉ፤ በመተግበሪያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከፊሉ ፖስታው ይከፈታል አይከፈትም የሚለው ሲሆን ከፊሉ ሹፌሩ ስንት ነገር ይመዘግባል የሚለው ነው።

ቴሌግራም በአገራችን ከዜና እስከ ሸቀጥ ዋጋ ሁሉ የሚገኝበት ስለሆነ ብዙ ሰው የተመሰጠረ ነው ብሎ ያምናል። ተራው የቴሌግራም ጭውውትና ማንኛውም ግሩፕ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ መልእክቱ ሰርቨር በሚባለው የኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። ስልክ ቀይረው ቴሌግራምን ሲከፍቱ የድሮው ሁሉ ተመልሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ክፍል አለ፤ እሱ በእርግጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው። ነገር ግን ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ በየሰዉ ተለይቶ መከፈት አለበት፣ በልጅዎ ሊኑክስ ላይ በሚጫነው የቴሌግራም ፕሮግራምም አይገኝም። የሁለት ሰው ጥሪው የተመሰጠረ ነው፤ ይህን አልነፍገውም። ቴሌግራምን ለቻናልና ለገበያ ወሬ ያቆዩት፤ የቤት ጉዳይ አይጻፍበት።

ዋትስአፕ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ጽሑፉም፣ ጥሪውም፣ ግሩፑም ምንም ሳይነካኩት የተመሰጠረ ነው፤ የተመሰጠረበትም ዘዴ የሲግናል ሰዎች የሠሩት ነው። ወንድምዎ ዋትስአፕ ማለቱ ስለዚህ ስንፍና አይደለም። የኔ ቅሬታ ከሹፌሩ መዝገብ ላይ ነው። የዋትስአፕ ባለቤት ቀድሞ ፌስቡክ ይባል የነበረው ኩባንያ፣ ሜታ፣ ነው፤ ሜታ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ማን ከማን ጋር ስንት ጊዜ እንደሚገናኝ ማወቅ ደግሞ ለማስታወቂያ ነጋዴ ትልቅ ሀብት ነው። ሁለተኛው ቅሬታዬ ምትኬውን፣ ማለትም ለመጠባበቂያ የሚቀመጠውን የመልእክት ግልባጭ፣ ይመለከታል፤ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሲግናል የሚተዳደረው ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ነው፤ ማስታወቂያ የለውም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲቋቋም 50 ሚሊዮን ዶላር የሰጠው ብራያን አክተን የዋትስአፕ መሥራች ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ፌስቡክ ዋትስአፕን እ.ኤ.አ. በ2014 ገዛው፤ ሰውየው በ2017 ጥሎ ወጣና ገንዘቡን እዚህ አፈሰሰው። እኔ ከብዙ የቴክኒክ ማብራሪያ ይልቅ ይህ ታሪክ ይበልጥ ይናገራል ባይ ነኝ። ሌላም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሲግናል ሰዎችን ስለ አንድ ተጠቃሚ ያላቸውን መረጃ ሁሉ እንዲያቀርቡ ሲያዝዛቸው ሊያቀርቡ የቻሉት አካውንቱ የተከፈተበትን ጊዜና መጨረሻ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር። ሌላ ነገር መዝግበው አላስቀመጡምና ከዚያ በላይ የሚሰጡት አልነበራቸውም።

ኢሞን በአጭሩ ልለፈው። ደካማ ኔትወርክ ላይ መሥራቱ ወዳጅ አፍርቶለታል፤ እኔ ግን በማስታወቂያ ብዛቱ ተሰላችቻለሁ፤ ምስጢርም አልጥልበትም። ፌስታይምም አይሆናችሁም፤ ጥሩ ነው ግን የአፕል ንብረት ነው። አንድሮይድ የያዘ ሰው በተላከለት ሊንክ ሊገባ ይችል ይሆናል እንጂ እሱ ራሱ ጥሪ መጀመር አይችልም። እናትዎ ልጃቸው እስኪደውልላቸው የሚጠብቁበት ነገር አይረባም።

ሲግናል በእናትዎ ሳምሰንግ፣ በወንድምዎ አይፎን፣ በእርስዎም ስልክ ይሠራል። ኮምፒውተር ላይ ለዊንዶውስም፣ ለማክም፣ ለሊኑክስም የራሱ ፕሮግራም አለው። ዋትስአፕ ለሊኑክስ የራሱ ፕሮግራም ስለሌለው ልጅዎ ዋትስአፕን የሚያገኘው በድረ ገጽ በኩል ነው። የእናትዎ ስልክ በጣም አርጅቶ ከሆነ ፕሌይ ስቶር አልጭንም ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌላ መላ ከመፈለግ ያገለገለ ግን አዲስ አንድሮይድ የሚቀበል ስልክ መግዛት ይሻላል። የጥገና ሱቅ ውስጥ ከሚሞሪ ካርድ የተገለበጠ መተግበሪያ ግን አይጫንላቸው። በተለይ «ጂቢ ዋትስአፕ» የሚባለውን፣ ሌላ ሰው ቀይሮ የሠራውን ዋትስአፕ ካዩ እንዲጠፋ ያድርጉ። ማን እንደሠራው፣ ውስጡ ምን እንደጨመረበት አይታወቅም፤ ዋትስአፕም ራሱ እነዚህን የሚጠቀሙ አካውንቶችን ይዘጋል።

የዱባይዋ እህትዎ ነገር ከሁሉም ያስቸግራል፤ እሷም አልዋሸችም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፈቃድ ያላገኘ የኢንተርኔት ጥሪ ይዘጋል። በዋትስአፕ ጽሑፍ፣ ፎቶና የተቀዳ የድምፅ መልእክት ይሄዳል፤ ጥሪው ግን አያልፍም። ቦቲም ፈቃድ ስላለው ይደወልበታል። አንዳንዱ «ቪፒኤን ጫኚ፣ ሁሉም ይከፈታል» ይላታል፤ ቪፒኤን የተዘጋውን በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚከፍት ፕሮግራም ነው። እዚያ አገር ቪፒኤንን ተጠቅሞ ሕግ መጣስ ወይም ጥፋትን መደበቅ ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣል፤ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በዚህ መጫወት የለባትም። ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፦ ናፍቆቱን፣ ሳቁን፣ የልጆቹን ፊት በቦቲም ይጨርሱት። ስለ ደመወዟ፣ ስለ ፓስፖርቷ፣ ስለ አሠሪዎቿ የምትነግርዎትን ግን ጥሪ ላይ አትናገር፤ የተመሰጠረ የድምፅ መልእክት ትላክ። ሲግናል እዚያ በጽሑፍ ከሠራላት በሲግናል፣ ካልሠራላት በዋትስአፕ። መልእክቱ ራሱን እንዲያጠፋ ማድረግም ይቻላል። በሁለቱም መተግበሪያ ከአንድ ቀን ወይም ከአንድ ሳምንት በኋላ የሚጠፋ ተብሎ ይስተካከላል፤ ስልኳ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ለሚችል ሰው ይህ ከምስጠራውም ይበልጥ ይጠቅማል።

እንግዲህ አንድ ብቻ ንገሩኝ ብለው ነበር፤ እኔ ግን አንድ ተኩል እየሰጠሁዎት ነው። ሲግናል ለቤት፣ ዋትስአፕ ለዱባይና ለገበያ። የሲግናል ትልቁ ጉድለት ጅማ ውስጥ የሚያውቁት ሰው ሁሉ እዚያ አለመኖሩ ነው። ለእናንተ ግን የሚያስፈልጉት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አምስት ሰው ማሳመን ይቻላል።

ከመረጡ በኋላ ያለው ሥራ ከምርጫው ይከብዳል፤ ብርዎን ከሌባ የሚያድንልዎትም እሱ ነው። ልጅዎ አንድ እሑድ ያግዝዎት።

በመጀመሪያ ሁለተኛ ቁልፍ ይጨመር። በዋትስአፕና በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚል አለ፤ በሲግናል ደግሞ ፒን ያወጡና «ሬጅስትሬሽን ሎክ» የሚለውን ያበራሉ። ይህ ከተበራ ሌባው በስልክ የመጣውን ኮድ ቢያገኝ እንኳ እርስዎ ያወጡትን ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል ስለማያውቅ ደጅ ይቀራል። ቁጥሩ የልደት ዓመትዎ አይሁን፤ የቴሌብር ፒንዎም አይሁን። ደብተር ላይ ይጻፉት፣ ደብተሩንም ሱቅ ውስጥ አያስቀምጡት። የወንድምዎ ስልክ ላይ ይህ ተበርቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያ መልእክት እርስዎ ዘንድ ባልደረሰ ነበር። በጠቅላላው ጽሑፌ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህን ያድርጉ።

ቀጥሎ አካውንትዎ በየትኞቹ መሣሪያዎች ላይ እንደተከፈተ ይመልከቱ። በዋትስአፕና በሲግናል «ሊንክድ ዲቫይስስ»፣ በቴሌግራም «ዲቫይስስ» ይባላል። የማያውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካገኙ ወዲያው ያስወጡት። ፎቶ ኮፒ ቤት ደረሰኝ ለማተም ብለው ዋትስአፕዎን በቤቱ ኮምፒውተር ከፍተው ያውቃሉ? ከሆነ እስካሁን እዚያው ተከፍቶ ሊሆን ይችላል።

ስለ ምትኬ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። አንድሮይድ ስልክ ላይ ዋትስአፕ የመልእክትዎን ግልባጭ ጎግል ድራይቭ በሚባለው የጎግል ማከማቻ ያስቀምጣል። መልእክቱ ሲጓዝ የተቆለፈ ቢሆንም ግልባጩ እርስዎ ካልቆለፉት አይቆለፍም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ መቆለፍ ይቻላል፤ በቻት ምትኬ ክፍል ውስጥ ምስጠራውን ማብራት ነው። የይለፍ ቃሉን ከረሱት ግን ኩባንያውም ሊከፍትልዎት አይችልም። ሲግናል በተቃራኒው ምትኬውን እርስዎ ካላበሩት ስልክዎ ሲጠፋ መልእክቱም አብሮ ይጠፋል። ለኔ ይህ ጉዳት አይደለም፤ የእናትዎን የድምፅ መልእክቶች ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ግን ነውና አስቀድመው ይወስኑ።

የሲም ካርዱንም ነገር አይርሱ። እህትዎ አካውንቷን የከፈተችው ከአገር ስትወጣ በነበራት የኢትዮጵያ ቁጥር ከሆነና ያ ሲም ሳይሠራ ከቆየ፣ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያ ሰው በቁጥሩ አካውንት ልክፈት ሲል ኮዱ የሚሄደው ወደሱ ነው። አሁን በያዘችው ቁጥር ትቀይረው።

ከዚያ የቤተሰብ ሕግ ያውጡ፦ ገንዘብ በጽሑፍ አይጠየቅም። የጠየቀ ሰው በተራ የስልክ ጥሪ ይደወልለታል፤ ድምፁ ይሰማል፤ ዛሬ ድምፅንም በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ስለሚቻል ደግሞ ከቤተሰብ ውጭ ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ይጠየቃል። «አሁን መደወል አልችልም፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ያለ ሁሉ ስብሰባው እስኪያልቅ ይጠብቅ። ወንድም ከሆነ አይቀየምም።

ስለ ጥቅልዎ፦ በሁለቱም መተግበሪያ ሴቲንግ ውስጥ ጥሪ ሲደረግ ዳታ የሚቀንስ ምርጫ አለ፤ ያብሩት። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም ያጥፉት፤ ጥቅል የሚበላው ከጥሪው ይልቅ በየግሩፑ በየጠዋቱ የሚላከው የመልካም ቀን ቪዲዮ ነው። ከእናትዎ ጋር በድምፅ ብቻ ያውሩ፤ ቪዲዮውን ልጅዎ ጊቢ ካለው ዋይፋይ ሲሆን ያድርገው።

አንድ መተግበሪያ የሚዘጋበት ቀን እንዳለም ያስቡ። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ለወራት ቆይተዋል። ስካይፕ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን አገልግሎ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ራሱ ዘጋው። ስለዚህ የአምስቱን ስልክ ቁጥር በወረቀት ይያዙ፤ ተራው ጥሪና ተራው የጽሑፍ መልእክት ይቀራልና። ተራው መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ስላልሆነ «ደውይልኝ» ይጻፍበት፤ የሂሳብ ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶ አይላክበት።

ደንበኞችዎን ግን ካሉበት አያንቀሳቅሷቸው። ከሊሙና ከጎማ ቡና የሚያመጣልዎ ሰው ቴሌግራም ላይ ዋጋ ከጠየቀ እዚያው ይመልሱለት፤ የቡና ዋጋ ምስጢር አይደለም። ሂሳብና ደረሰኝ ሲሆን ወደ ዋትስአፕ ይጋብዙት። የሱቅዎ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የቤተሰብ ቁጥርዎ አንድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሲም አውጥተው ሲግናልን በእሱ ይክፈቱ። ቁጥሩንም ለአራቱ ብቻ ይስጡ።